የብንያም ሽቦ

እሑድ፣ 8 ጃንዋሪ

ዝናብ ነው። ከቆርቆሮው ጣሪያ የሚወርደው ውሃ ዝገት ዝገት ይሸታል፤ ወለሉ ላይ ካለው አሮጌ ዘይት ጋር ተቀላቅሎ ጫማዬ ውስጥ ገባ። ካልሲዬን ጠረጴዛው ስር አውልቄ ነው የምጽፈው። ሽታው እኔኑ አስጠላኝ።

በአማርኛ የምጽፈው ቤቴ ውስጥ አማርኛ የሚያነብ ሰው ስለሌለ ነው። ባለቤቴ ሌአ በሁለት ዓመቷ እናቷ አዝላት ነው ወደዚህ አገር የመጣችው፤ ትናገራለች እንጂ ፊደል አትለይም። ልጄ ጋሊ ወታደር ናት፤ እሷማ በአማርኛ ስትጠራት በዕብራይስጥ ነው አቤት የምትለው። እኔ ከጎንደር ስመጣ አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር፤ ከነፊደሌ መጣሁ። ይኸው አሁን የምሬት ማስቀመጫ ሆነኝ።

የሚያስመርረኝ ደግሞ ሞልቷል። መኪናዋ አንድ። መኪናዋ ስል የተገዛች አይደለችም፤ እኔና የሚስቴ ወንድም ብንያም አራት ዓመት ሙሉ ከብረት ቱቦና ከፋይበርግላስ የሠራናት ናት። ሞተሯን ከተጋጨ የጃፓን መኪና አወጣነው። ሞተሩ የኔ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦው የሱ። የምንሠራው ኢንዱስትሪ ዞኑ ውስጥ፣ እኔ ከተቀጠርኩበት ከዮራም ጋራዥ ጀርባ ባለች ቆርቆሮ ቤት ነው። ዮራም አለቃዬ ነው፤ ቤቲቱን የሰጠን ለሌላ ነገር ስለማትሆን ነው።

ብንያም ዲሴምበር ላይ ከፕላስቲክ ፋብሪካው ተቀንሷል። አሥራ ሁለት ዓመት የኖረበት ቦታ ነው። ሦስት ትንንሽ ልጆች አሉት፤ ቤት መዋል እያኮሰመነው ነው። የዮራም ኤሌክትሪክ ሠራተኛ በፌብሩዋሪ መጨረሻ ጡረታ ይወጣል፣ ብንያምም ያን ቦታ እንደሚፈልግ አውቃለሁ። አይለምንም፤ ኩሩ ነው። ዛሬ ብቻ ሽቦ እየላጠ፣ «አሒ፣ ዮራም ስለኔ ሊጠይቅህ ይችላል» አለኝ፤ ወንድሜ ማለቱ ነው። «ይጠይቀኛ» አልኩት። ሳቀ። ጥርሱ ላይ የሱፍ ቅርፊት ተጣብቋል።

ማክሰኞ፣ 10 ጃንዋሪ

ሁለቱን ሴንሰሮች ገጠምኩ። አንደኛው የሞተሩን ሙቀት፣ ሁለተኛው የዘይቱን ግፊት እየለካ ዳሽቦርዱ ላይ ላለው ጌጅ የሚያሳብቅ ነው። ርካሽ ነሐስ ነው፤ እጅ ላይ ክብደት የለውም፣ የማሽን ዘይቱ እንኳ የበሰበሰ ዓሣ ይሸታል። ያም ሆኖ ጋራዥ ከመግባቴ በፊት አሥር ዓመት የቧንቧ ሠራተኛ ነበርኩ፤ ከእጄ የወጣ ነገር አያንጠባጥብም። ሴንሰሩ የሚጠብቅበት ጥርስ ላይ ቧንቧ እንዳያፈስ የሚጠመጠመውን ነጭ ጥብጣብ፣ ቴፍሎኑን፣ አምስት ዙር ጠምጥሜ አጠበቅኩት። ደረቅ ነው። ጠብታ የለም።

ብንያም ከዳሽቦርዱ ስር በጀርባው ተኝቶ ሽቦ ይጎትታል።

«አሳፍ፣ ሴንሰሩ ጥርስ ላይ ምንም አላደረግክም አይደል?» አለኝ።

«ሥራዬን ልታስተምረኝ ነው?»

«ሎ፣ ሎ፣ አይደለም። እንዲያው ነው የጠየቅኩህ።»

ከዚያ ተኝቶ ሱፉን መቆርጠም ቀጠለ። ሰው በጀርባው ተኝቶ ሱፍ ሲበላ አይተህ ታውቃለህ? ቅርፊቱ አገጩ ላይ፣ አንገቱ ላይ፣ አዲሱ ወንበር ላይ። ቀፈፈኝ።

ሐሙስ፣ 12 ጃንዋሪ

አስነሣናት። ድምፅዋ ያምራል፤ ይህን እንኳ ልመስክር። ጌጁ ግን አበደ። የሙቀቱ ጠቋሚ ስልሳ ላይ ይቆምና ሰላሳ ይወርዳል፣ ደግሞ ይዘላል። ብንያም ፋይበርግላስ ኤሌክትሪክ ስለማያሳልፍ ለእያንዳንዱ ጌጅ የመመለሻ ሽቦ፣ እዚህ ሃአራካ የሚሉትን፣ እስከ ባትሪው ድረስ ለብቻ ዘርግቻለሁ ይላል። ሲያወራው ያምራል። ጠቋሚው ግን ይዘላል።

«ይህዬ በሴደር» አለኝ፣ ይስተካከላል ለማለት። ይህን ቃል የምጠላውን ያህል የምጠላው ነገር የለም። በዚህ አገር የፈረሰው ሁሉ የፈረሰው ይህዬ በሴደር እየተባለ ነው።

ዓርብ፣ 20 ጃንዋሪ

በአንድ እጄ ነው የምጽፈው።

ዮራምና አራት ሠራተኞች ሳምቡሳ መሳይ ቡሬካሳቸውን ይዘው ሊያዩን መጡ። ሞተሩን ሃያ ደቂቃ አሠራነው። ጠቋሚው ስልሳ ላይ ተኝቷል። እኔም አምኜው ጎንበስ አልኩ። የራዲያተሩ ቱቦ ፈነዳ። የፈላው ውሃ ከክርኔ እስከ አንጓዬ ለበለበኝ። ውሃው ሲፈላ ጌጁ ስልሳ!

ጮኽኩ። መጀመሪያ በአማርኛ፣ ቀጥሎ ሁሉም እንዲገባው በዕብራይስጥ። «አንተ ሽቦ አይደለም የምትዘረጋው፣ ሰው ነው የምትገድለው! ፋብሪካው በከንቱ አልጣለህም!»

የዮራም አፍ ቡሬካስ እንደያዘ ቆመ። ብንያም እጁን በጨርቅ ጠረገ፤ ጣት በጣት፣ ቀስ ብሎ። «መጀመሪያ ውሃ አፍስስበት» አለኝ፤ ክንዴን ማለቱ ነው። ቀጥሎ፣ «ሴንሰሩን አንዴ ልፍታው» አለ። እንዳትነካው አልኩት። የመለኪያ ቴስተሩን ቦርሳው ውስጥ ከትቶ ወጣ። በሰው ፊት መልስ እንኳ አልሰጠኝም። መልስ ቢሰጠኝ ይሻል ነበር።

ቅዳሜ፣ 21 ጃንዋሪ፣ ሰንበት ከወጣ በኋላ

ሌአ ክንዴን ቅባት ቀባችኝ፤ ቅባቱ የበሰበሰ ቅቤ ይሸታል። ቀብታ ስትጨርስ፣ «ወንድሜን በሰው ፊት ምን አልከው?» አለችኝ።

«እውነቱን።»

«ፋብሪካው በከንቱ አልጣለህም ብለኸዋል። እሱ አልነገረኝም። የዮራም ጸሐፊ ኒሊ ናት የነገረችኝ።»

ኒሊ ደግሞ ምን አገባት! ሌአ ወጥ ቤት ሆና ከእናቷ ጋር በስልክ ስታወራ ሰማኋት፤ «እማዬ፣ አሳፍ እኮ ክፉ አይደለም፣ አፉ ነው እንጂ» ትላለች። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፣ አለች እናትየው መሰለኝ፤ ሌአ ተረቱ አልገባትምና «ማ? ምን?» ብላ ሁለት ጊዜ አስደገመቻት።

እሑድ፣ 22 ጃንዋሪ

ዮራም ጠዋት ቢሮው ጠራኝ። ራሱን ያክካል፤ ፎረፎሩ ወረቀቱ ላይ ይረግፋል። ዓይኔን ወደ ግድግዳው መለስኩ።

«አማችህን ለኤሌክትሪኩ ቦታ አስቤው ነበር» አለኝ። «አንተ ታውቀዋለህ። ልውሰደው?»

«ዓርብ በዓይንህ አይተኸዋል» አልኩት። ከዚያ በላይ ብዙም አላልኩም።

ማታ ሌአ ዮራም ስለ ብንያም ጠይቆህ ያውቃል ወይ አለችኝ። ጠይቆኛል አልኳት። ምን አልከው ስትለኝ፣ ጥሩ ተናገርኩለት አልኳት። ጉንጬን ሳመችኝ። ደስ አላለኝም። ክንዴ ያመኛል፣ ለዚያ ነው።

ሰኞ፣ 30 ጃንዋሪ

የብንያምን ሽቦ በሙሉ ነቀልኩት። ከሥራ በኋላ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። እያንዳንዱ ሽቦ ጫፍ ላይ በደቃቅ ጽሑፍ የሚሄድበትን ጽፎበታል። በየስንዝሩ አስሮታል፤ ቋጠሮው ሁሉ ወደ አንድ ጎን ነው። ንጹሕ ሥራ ነው። ይህ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ። ጠቅልዬ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ወረወርኩት፤ ከሥሩ የበሰበሰ ብርቱካን ነበር።

ማክሰኞ፣ 7 ፌብሩዋሪ

ሽቦ። ሽቦ። ሽቦ። ጀርባዬ። የኔ ቋጠሮ እንደሱ አይገጥምም። ማን ያየዋል።

ሐሙስ፣ 9 ፌብሩዋሪ

ጨረስኩ። አስነሣኋት። ጠቋሚው ዘለለ።

አንድ ሰዓት ያህል ወንበሯ ላይ ቁጭ ብዬ አየሁት። የራሴ ሽቦ፣ የራሴ ሃአራካ፣ ያው ዝላይ። እንግዲህ ጥፋቱ የሴንሰሩ ነው፤ ርካሽ ዕቃ ያቅለሸልሻል። አዲስ አዘዝኩ።

እሑድ፣ 12 ፌብሩዋሪ

ጋሊ ወደ ጦር ሰፈሯ ስትመለስ ሐደራ ምዕራብ ባቡር ጣቢያ ሸኘኋት። እሑድ ጠዋት ነው፤ ጣቢያው በወታደርና በላብ ተሞልቷል። ሰልፉ ሲያልቅ በሩ ላይ የሚፈትሸው ሰው ብንያም ሆኖ ተገኘ። ብርቱካናማ ሰደርያ ለብሷል፤ ሁለት ቁጥር ትሰፋዋለች። ዝናቡ አንገቱ ውስጥ ይገባል።

ጋሊ «ዶድ ብንያም!» ብላ አቀፈችው፤ አጎቴ ማለቷ ነው። የሰው ቦርሳ መክፈትና መዝጋት ከጀመረ ሁለት ሳምንቱ ነው አለች፤ እሷ ታውቃለች፣ እኔ አላውቅም። የኔ ተራ ሲደርስ ሁሉንም ሰው እንደሚጠይቀው ጠየቀኝ።

«መሣሪያ ይዘሃል?»

«የለኝም።»

«ቦርሳህን ክፈትልኝ፣ በባካሻ፣ እባክህ።»

ከፈትኩ። የጋሊ ሳንድዊችና የኔ የብሎን መፍቻ ነው። በጣቱ ነካ ነካ አድርጎ፣ «እለፍ» አለኝ። አሥራ ሁለት ዓመት የፋብሪካ ማሽን ያንቀሳቀሰ እጅ የሰው ፎጣና የውስጥ ሱሪ ይበረብራል። አስጠላኝ። ምኑ እንዳስጠላኝ አላወቅኩም።

ረቡዕ፣ 15 ፌብሩዋሪ

አዲሶቹ ሴንሰሮች መጡ። በዚህኛው ሰባት ዙር ጠመጠምኩ፣ ምንም ክፍተት እንዳይኖር። ይባስ ብሎ አሁን ጠቋሚው ጭራሽ አይንቀሳቀስም።

ዮራም በመስኮት አየኝ። «አሁንም?» አለኝ። «አሁንም» አልኩት። «ጥሩ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ማግኘት እንዲህ ከባድ ነው» አለና ሄደ።

ሰኞ፣ 20 ፌብሩዋሪ

ያልሞከርኩት ነገር ስላልነበረ የጋራዡን ቴስተር አወጣሁ። አንዱን ጫፍ ሴንሰሩ ገላ ላይ፣ ሌላውን ሞተሩ ብረት ላይ አሳረፍኩ። ቢገናኙ ቲት ማለት ነበረበት። ዝም አለ።

ሴንሰሩን ፈታሁት። አንድ ሽቦ ብቻ ነው ያለው። ኤሌክትሪኩ በሽቦው ይገባል፣ በገዛ ጥርሱ በኩል ወደ ሞተሩ ብረት ገብቶ ይመለሳል። ሃአራካው ራሱ ጥርሱ ነው። ብረት ብረትን መንካት አለበት። በመካከላቸው ግን ነጭ ቴፍሎን አለ። ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ አንዳንዴ ይነካል፣ አንዳንዴ አይነካም።

በጥፍሬ ላጥኩት። ተልጦ የወጣው ከዘይት ጋር ተለውሶ የተላጠ ቆዳ ይመስላል፤ ጣቴ ላይ ተጣብቆ አልለቅ አለኝ። መልሼ አሰርኩት። ቲት አለ። አስነሣኋት። ጠቋሚው ቀስ እያለ ወጣ፤ ሰማንያ ስምንት ላይ ቆመ። ቴርሞሜትር ራዲያተሩ ውስጥ ነከርኩ፤ ሰማንያ ስምንት።

የሚሸጥልህ ፋብሪካ ይህን ወረቀቱ ላይ መጻፍ ነበረበት።

ጽፎታል። አሁን አየሁት፣ በሥዕል ጭምር። ጥቅል ቴፍሎን፣ ላዩ ላይ ቀይ መስቀል።

ማክሰኞ፣ 21 ፌብሩዋሪ

ዮራም እስካሁን ሰው አላገኘም። ሁለት አይቶ አልወደዳቸውም። ምሳ ላይ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ የሽምብራ ሁሙሱን በዳቦ እየጠረገ የዘመኑ ልጆች ሽቦና ገመድ አይለዩም አለ። አፌን ከፈትኩ። ጢሙ ላይ ሁሙስ ነበረበት። ዘጋሁት።

ነገ እነግረዋለሁ።

ረቡዕ፣ 22 ፌብሩዋሪ

ደንበኛ በዛ። ፍሬን ሁለት፣ ክላች አንድ። ከዮራም ጋር ብቻዬን አልሆንኩም። አንድ ጊዜ ሆኛለሁ፣ መጸዳጃ ቤት በር ላይ። እዚያ አይወራም።

ምን ብዬ ልንገረው? «የአማቼን ስም ያጠፋሁት በራሴ ጥፋት ነው» ብዬ? ካፈርኩ አይመልሰኝ ይባላል፤ የተናገረው ሰው እኔን ያውቀኝ ነበር።

ነገ ከአፉላ ከተማ አንድ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይመጣል አለች ኒሊ።

ሐሙስ፣ 23 ፌብሩዋሪ

መጣ። ኤሊራን ይባላል፤ ሃያ አምስት ዓመቱ ቢሆን ነው፤ ሽቶው ከበሩ ቀድሞ ገባ። ዮራም በአሥር ሰዓት እጁን ጨብጦ ወሰደው። እሑድ ይጀምራል።

ስለዚህ ነገሩ አለቀ። ከእንግዲህ ብናገር ለማን ይጠቅማል?

ምሳዬን ለድመቶቹ ሰጠሁ።

ቅዳሜ፣ 25 ፌብሩዋሪ፣ ሰንበት ከወጣ በኋላ

ሌአ ለፉሪም በዓል እናቷ ቤት ሁላችንም እንሰበሰባለን፣ ወንድሜና አንተ ሳትታረቁ እኔ እዚያ ቤት አልገባም አለች። አባ ዘለቀን ራሷ ሄዳ ለምናቸዋለች። እሳቸው በሰማንያ ዓመታቸው አሁንም የሰፈሩን ጠብ ሁሉ የሚያበርዱ ሽማግሌ ናቸው። ደውላላቸው ስልኩን ሰጠችኝ።

«መርሻ» አሉኝ። የልደት ስሜ ነው፤ አሳፍ የሚለው ከአፋቸው አይወጣም። «ጥፋትህን ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ፣ አባ።»

«እንግዲያው እንደ አባቶችህ ድንጋይ ተሸክመህ ትገባለህ። ዓርብ ጠዋት።»

«እሺ፣ አባ። እርስዎ እንዳሉ።»

እፎይ አልኩ። በእውነት እፎይ አልኩ። ድንጋይ መሸከም ከዮራም ቢሮ ይቀላል።

ዓርብ፣ 3 ማርች

ሐደራ አሸዋ ነው፤ ድንጋይ የለም። ግማሽ ሰዓት ሜዳ ለሜዳ ዞሬ አንድም የረባ አላገኘሁም። በመጨረሻ ኢንዱስትሪ ዞኑ ውስጥ ከሚሠራ የእግረኛ መንገድ ዳር አንድ የሲሚንቶ ብሎኬት አነሣሁ። ከሥሩ ትላትል ነበረበት። እሱን ለማራገፍ መኪናዬ ላይ መታሁት፣ መብራቴን ሰበርኩ።

ብንያም የሚኖረው ነቬ ሐይም ሰፈር፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ብሎኬቱን ትከሻዬ ላይ አድርጌ ስወጣ ሪቭቃ የምትባል ጎረቤቱ በሯን ከፍታ፣ «እድሳት ነው? ዛሬ ዓርብ ነው እኮ፣ እንዳትቆፍሩ!» አለችኝ። አንቆፍርም አልኳት።

አባ ዘለቀ ሶፋው ላይ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ተቀምጠዋል። ብሎኬቱን አዩት።

«ይህ ድንጋይ አይደለም፣ ልጄ።»

«ሌላ አጣሁ፣ አባ።»

«ይከብዳል?»

«ይከብዳል።»

«እንግዲያው ይሁን።»

ብንያም ፊት አንገቴን ደፍቼ ቆምኩ። ሲሚንቶው የተቃጠለውን ክንዴን ይፍቀዋል። አባ ዘለቀ ጥፋትህን ራስህ ተናገር አሉኝ። በሰው ፊት ሰደብኩት፣ እንጀራ ማጣቱን መሳለቂያ አደረግኩበት አልኩ። ሽቦውም ደህና ነበር አልኩ፤ ይህን ዝቅ ባለ ድምፅ።

«የቀረ አለ?»

«የለም።»

«አስብ። ድንጋይ የሚያወርደው የተናገሩትን ብቻ ነው። የቀረ አለ?»

ሌአ ከወጥ ቤቱ በር ላይ ሆና እንባዋን ትጠርጋለች። የብንያም ትንሿ ልጅ ብሎኬቱን እያየች ጣቷን ትጠባለች።

«የለም፣ አባ።»

ለሦስተኛ ጊዜ ጠየቁኝ፤ ለሦስተኛ ጊዜ የለም አልኩ። ብንያም ተነሣ፤ ብሎኬቱን በሁለት እጁ ከትከሻዬ አንሥቶ ወለሉ ላይ አስቀመጠው። «ይቅር ብዬሃለሁ» አለኝ፤ አቀፈኝ። ሱፍ ሱፍ ይሸታል። አባ ዘለቀ መረቁን። ይህን ነገር ከዛሬ ወዲያ ያነሣ ጠቡ ከኔ ጋር ነው አሉ።

ስለዚህ ተዘጋ። ማንም አያነሣውም። እኔም ጭምር። እንዲያውም እኔ ላንሣ ብል እርግማን ነው።

ቤት ገብቼ ታጠብኩ። ሁለት ጊዜ። የሲሚንቶው አቧራ ከአንገቴ አይለቅም።

ረቡዕ፣ 8 ማርች

ፉሪም ተከበረ። አማቴ ብንያምን ከኔ ጎን አስቀመጠችው። ከገዛ ሳህኑ እያነሣ ያጎርሰኛል። ሦስተኛውን ጉርሻ በውሃ ነው ያወረድኩት።

እሑድ፣ 12 ማርች

ብንያም ከጣቢያው ፈረቃ በፊት መጣ። ዳሽቦርዱን ከፍቶ የኔን ሽቦ አየ። ምንም አላለም፤ ዝም ብሎ ቋጠሮዎቹን አንድ በአንድ ያስተካክል ጀመር።

«ሴንሰሩ ነበር፣ ናቾን?» አለኝ፣ ልክ ነኝ ወይ እንደማለት።

«ቴፍሎኑ።»

«ገምቼ ነበር።» ሳቀ። ለክፋት አይደለም። «ቧንቧ ሠሪ!»

እኔም ሳቅኩ። እዚህ ላይ ቢቆም ጥሩ ነበር። ከዳሽቦርዱ ስር እንደተኛ ግን እንዲህ አለኝ፦

«ሳልነግርህ ቆየሁ። ያኔ ተጣልተን እያለን እንኳ ለዮራም ጥሩ እንደተናገርክልኝ ሌአ ነግራኛለች። ሥራው ባይሆንም፣ ቶዳ፣ አመሰግናለሁ። ሌላ ሰው ቢሆን በዚያ ንዴት ስሜን ይቀብር ነበር። ይቅር ያልኩህ ግማሹ ለዚያ ነው።»

መብራቱን ያዝልኝ አለኝ። ያዝኩለት። ቀጥ አድርገህ ያዘው እያለ ደጋገመ።



ሰኞ፣ 13 ማርች

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ። ይህ ተረት ሲነገር ሁልጊዜ ራሴን ዳዋው አድርጌ ነበር የምሰማው።

ማክሰኞ፣ 14 ማርች

ደብተሩን ከመጀመሪያው አነበብኩት። ጃንዋሪ 22 ላይ «ከዚያ በላይ ብዙም አላልኩም» ብዬ ጽፌያለሁ። ማንም በማያነበው ደብተር ላይ፣ ለራሴ! ያልኩት ይህ ነው፦ «እሱ ሽቦ የዘረጋበት መኪና ላይ የራሴን ልጅ አላስቀምጥም። ብትወስደው በኔ አታሳብብ።» ዮራም ከወረቀቱ ላይ ስሙን ሲሰርዝ አይቻለሁ። እስክሪብቶው አልጽፍ ብሎት ሁለት ጊዜ ነው የሰረዘው።

ሰውን በሱፍ ቅርፊት ስጸየፍ ከረምኩ።

ሐሙስ፣ 16 ማርች

መጀመሪያ ዮራም ዘንድ ገባሁ። በሩን ዘጋሁና ሁሉንም ነገርኩት፤ ቴፍሎኑን፣ ሽቦው ደህና እንደነበር፣ ብንያም ከማውቃቸው ሁሉ የተሻለ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ መሆኑን። እያከከ አዳመጠኝ።

«አሁን ምን እንዳደርግ ነው የምትፈልገው?» አለኝ። «ልጁ ጥሩ ይሠራል። ላባርረው?»

«አይ።»

«ባለፈው ወር ብትነግረኝ እኮ በእግሬ ሄጄ አመጣው ነበር።» ቀጥሎ ቀና ብሎ አየኝ፤ እኔ ርካሽ ዕቃ እንደማይ ነው ያየኝ። «ሂድ፣ ሥራህን ሥራ» አለኝ።

ብንያም በዘጠኝ ሰዓት መጣ። መቀመጫውን እየጠረገ ሳለ ቆሜ ነገርኩት። ሽማግሌ የለም፣ ብሎኬት የለም። ለአባ ዘለቀ የለም ያልኩት አለ አልኩት። ለዮራም ያልኩትን ቃል በቃል ነገርኩት። ለሌአ የዋሸኋትንም።

ጨርቁን አጥፎ ጭኑ ላይ አስቀመጠ። ይሰድበኛል፣ ይመታኛልም ብዬ ጠበቅኩ። እሱ ግን ስህተት የት ላይ እንዳለ ሲፈልግ በሚጠይቅበት ድምፅ ጠየቀኝ።

«ቴፍሎኑን ያገኘኸው መቼ ነው?»

«ፌብሩዋሪ። ሃያ።»

«ምን ቀን?»

«ሰኞ።»

«ዮራም ልጁን የወሰደው?»

«ሐሙስ። ከሰዓት በኋላ፣ አሥር ሰዓት ላይ።»

በጣቱ ቆጠረ፤ ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ። ሦስተኛዋን ጣቱን ይዞ ቆየ።

«ጃንዋሪ ላይ ያልከውን ተናደህ ነው» አለ። «ክንድህ ተቃጥሎ ነበር። እሱን እተውልሃለሁ። ሦስቱን ቀን ምን ላድርገው?»

ብርቱካናማ ሰደርያውን ከቦርሳው አውጥቶ ለበሰ፤ ፈረቃው በአሥራ አንድ ሰዓት ይገባል። ላድርስህ ልለው ነበር። በእግሩ ሄደ።